ጠላትን ስላላዩት የሞተር ክፍል ሰዎች

ይድረስ ለተከበሩ የባሕር ኃይል ሜዳሊያ አጣሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? የአባቴን ማመልከቻ ለአሥራ አራት ዓመት ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው ማዛወር ወገብ የሚፈትን ሥራ ነውና፣ ፈጣሪ ብርታቱን እንዳይነሳዎ እመኛለሁ። ደብዳቤዬን አሳጥራለሁ፤ የሜዳሊያ መዝገቡ በዚህ ወር መጨረሻ እንደሚዘጋ በራችሁ ላይ ለጥፋችኋል፣ አባቴም ሰማንያ ስድስት ዓመቱ ነው።

1ኛ. አባቴ በጦርነቱ ጊዜ በአንዲት የጥበቃ መርከብ የሞተር ክፍል መካኒክ ነበር። መርከቧ በተመታች ቀን እሱና ሰባት ጓደኞቹ ውኃው ደረታቸው እስኪደርስ ሞተሩንና ፓምፑን ሳያቋርጡ ወደብ አስገቧት። ስድስቱ በሕይወት አልወጡም። ላይኛው ወለል ላይ የነበሩት መርከበኞች ሜዳሊያቸውን ከተቀበሉ ዘጠኝ ዓመት ሆናቸው፤ ይገባቸዋልም። አባቴ በሥነ ሥርዓቱ ላይ ተገኝቶ አጨብጭቧል። ወንበር ስለሰጣችሁት እናመሰግናለን።

2ኛ. የቅጻችሁ ሰባተኛ ጥያቄ «ጠላትን በስንት ሜትር ርቀት አዩት?» ይላል። የሞተር ክፍል ከውኃ በታች መሆኑን፣ መስኮትም እንደሌለው ለባሕር ኃይል ኮሚቴ ማስረዳት ድፍረት እንዳይሆንብኝ እፈራለሁ። አባቴ «አላየሁም» ብሎ ሞላ። ማመልከቻውም «ከጠላት ጋር መፋለሙ አልተረጋገጠም» ተብሎ ተመለሰ። ማኅተሙ ግን ጥርት ያለ ነበር።

3ኛ. ለመሥሪያ ቤታችሁ የመስኮት ቁጥር አራት ጸሐፊ ልዩ ምስጋና አለኝ። የተመለሰውን ቅጽ ስታስረክበን አዝናለት «አባባ፣ ምን ቸገረዎት፣ ስምንት መቶ ብለው ይሙሉት፤ ማን ሜትር ይዞ ይለካል?» ብላ በጆሮው ነግራዋለች። ደግ ልጅ ናት። ነገር ግን በሞተር ክፍል የግፊቱና የሙቀቱ ቁጥር በየግማሽ ሰዓቱ ከጌጁ ላይ እየተነበበ መዝገብ ላይ ይሰፍራል፤ ሳያነብ በግምት የጻፈ ሰው ጓደኞቹን ሊያስፈጅ ስለሚችል በእነሱ ዘንድ ከሌባ ይብሳል። አባቴም «የኔ ልጅ፣ ያላነበብኩትን ቁጥር አልጽፍም» ብሎ እስክሪብቶዋን መለሰላት። እኔ በሰው ፊት «ለአንዲት ቁጥር ነው እንዴ አባዬ!» ብዬ ጮኽኩበት። ይህን ጥፋት በኮሚቴው ላይ አላላክክም፤ የራሴ ነው።

4ኛ. ይግባኝ ስንል ለእያንዳንዱ አመልካች ሁለት የዓይን ምስክር ጠየቃችሁ። በሕይወት የነበሩት አባቴና «ጭስ» የምንለው ዘይት አጠጪው ጓደኛው ብቻ ናቸው። ጭስ ለአባቴ፣ አባቴ ለጭስ መሰከሩ። ለእያንዳንዳቸው አንድ ምስክር ጎደለ ተባለ። ስድስቱ ጓደኞቻቸው ቀጠሮ ማክበር ባለመቻላቸው በስማቸው ይቅርታ እጠይቃለሁ።

የምንለምነው ትንሽ ነው። መዝገቡ ሳይዘጋ፣ ከሰባተኛው ጥያቄ ግርጌ «ካላዩት፣ በዚያች ሰዓት ምን እየሠሩ ነበር?» የሚል አንድ መስመር ይጨመርልን። አባቴ መልሱን እስከ ደቂቃው ያውቀዋል።

ከሥራዎ ብዛት ጊዜዎን ስለተሻማሁ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ ከላይኛው ወለል ላሉት ሁሉ የሚገባውን አክብሮት ከታችኛው ወለል አቀርባለሁ፤

የመካኒኩ ልጅ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ጭስን ባለፈው ማክሰኞ ቀበርነው። የላካችሁት የአበባ ጉንጉን በሰዓቱ ደርሷል። ሪባኑ ላይ በወርቃማ ፊደል «ለጀግናው ባሕረኛችን» ይላል፤ ለዚህኛው ምስክርም ሆነ ሜትር አልጠየቃችሁም። አባቴ መነጽሩን አድርጎ ሁለት ጊዜ አነበበው፤ ከዚያም «የእኔን ጉንጉን ማንበብ በምችልበት ጊዜ እንዲልኩልኝ ጠይቂልኝ» አለኝ። አድራሻችን አልተለወጠም።