ጠላ የሌለበት ማኅበር

ልጄ ሰገን፣ ወጥተሽ የምትገቢበትን መንገድ እግዚአብሔር ይባርክልሽ። እኔ ደህና ነኝ። የጓዳው ጣሪያ ተጠገነ። የዶሮ ማነቂያ ሰፈር ወዳጆቼ ቤታቸው ፈርሶ ከተማ ዳር ስለገቡ ግን የሚያጫውተኝ ጠፍቷል።

እናትሽ ካረፈች ወዲህ መጠጥ አብዝቼ ነበር፤ አትደንግጪ። የንስሐ አባቴ፣ «ከጊዮርጊስ ጀርባ መጠጥ የተዉ ሰዎች ማኅበር አላቸው፤ ሂድ» አሉኝ። ሄጄ አንዲት ሴትዮን «ማኅበሩ የት ነው?» ብላቸው፣ እጄን ይዘው አስገቡኝ። ለካ የጽዋ ማኅበር ኖሯል! ገና ሳልቀመጥ ጠላ በጣሳ ሰጡኝ።

«አባባ፣ የሰማዕቱ ነው እኮ፤ እምቢ አይባልም!»

ሽታው ልቤን አሸፈተው። ጣሳውን እንደያዝኩ፣ «እኔስ የመጣሁት እሱን ልተው ብዬ ነበር» ስላቸው ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። ሴትዮዋ ግን አልሳቁም፤ ጣሳውን ከእጄ ወሰዱና «እኔን! የእርስዎዎቹ ፎቅ ላይ ናቸው፤ እዚያ ሻይ ብቻ ነው» ብለው እስከ በሩ አደረሱኝ።

እዚያ ስሜን ስናገር ሁሉም ባንድነት «እንኳን ደህና መጣህ፣ ዓምደሚካኤል» አሉኝ። እናትሽ ካረፈች ወዲህ በስሜ የጠራኝ ሰው አልነበረም፤ እንባዬ መጣ።

ማክሰኞ ማክሰኞ እሄዳለሁ። በሌላው ቀን ግን ሲመሽ ቤቱ ይሰፋብኛል። እባክሽ ልጄ፣ ለበዓል በሰው እጅ የምትልኪልኝ ውስኪ ይቅርብኝ። በእሱ ፈንታ እሁድ አመሻሽ ላይ ደውዪልኝ፤ ድምፅሽን እየሰማሁ ይምሽልኝ።

የእናትሽ አምላክ ከአጠገብሽ አይራቅ።

አባትሽ ዓምደሚካኤል