የቀሚሱ ቀለም

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 16። የፈረንጆቹ ገና።

ልጃችን ዛሬም ደውላ «አባ፣ እማን ነርሲንግ ሆም እናስገባት፣ ፕሊስ» አለችኝ። «ቆዪ፣ መጀመሪያ ፊልሙን እንይ» አልኳት።

በገና ዛፍ ዙሪያ እየዘፈኑ የሚደንሱበት ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው። ዲቪ ደርሶን በመጣን ዓመት ቻምብሊ ከተማ፣ አፓርትመንታችን ውስጥ አየነው። ቀለም ስላልነበረው፣ ሰው የሰጠን ቲቪ የተበላሸ መስሎኝ በጥፊ አጮልኩት። ባለቤቴ ጽጌ በሳቅ ፍርስ አለች። እንግሊዝኛው ስለማይገባን የተከራከርነው በደናሿ ቀሚስ ነበር። እኔ ቀይ ነው አልኩ፣ እሷ አረንጓዴ ነው አለች። ስኔልቪል ከተማ ቤት ገዝተን፣ ልጅ ድረን፣ በየገናው እያየነው እንኳ አልተስማማንም። ጽጌ መቼ በቀላሉ እሺ ብላኝ ታውቃለች!

የመርሳት በሽታው ከያዛት ወዲህ በስሜ ከጠራችኝ ቆየች። ግን በቀሚሱ ከተከራከረችኝ መጦሪያ ቤት አልልካትም ብዬ ለራሴ ምዬ ነበር።

ከሰዓት ሶፋው ላይ አጠገቧ ተቀምጬ ከፈትኩላት። ደናሿ ደረጃውን ስትወርድ፣ «ይሄ ቀይ ቀሚስ እንዴት ያምራል!» አልኳት።

ዞር ብላ አየችኝ። እንግዳ ፊት እንደሚፈገገው ፈገግ አለች።

«አዎ፣ ቀይ ነው።»

እጇን ያዝኩ። «አረንጓዴ ነው እኮ ጽጌዬ። አንቺ ነሽ ልክ። አረንጓዴ ነው።»

«እሺ» አለችኝ። «እርስዎ ካሉ አረንጓዴ ነው።»