ፓሪስ የገባው ፏፏቴ

ሰኞ

ናያጋራን ፓሪስ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ለታሪክ ይመዝገብ። ለሌላ ለማንም አልናገርም፤ ለዚህ ደብተር የነገርኩትም አፍ ስለሌለው ነው።

ወንጀሉ የተፈጸመው ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሠፈር፣ በገዛ ፎቶ ቤቴ ውስጥ ነው። ደንበኛ ተቀምጦ የሚነሳበትን ግድግዳ ከዓመታት በፊት ራሴ ሳልኩት። የብረት ማማውን ከብስኩት ካርቶን፣ ፏፏቴውን ከደብተር ሽፋን፣ በረዶ የጫነውን ተራራ ከቀን መቁጠሪያ ቀዳሁ። ጥግ ላይ ቀለም ስለተረፈኝ ቀጭኔ ጨመርኩ። ከሥር በቀይ "ፓሪስ" ብዬ ጽፌ ከተማይቱን መርቄ ከፈትኩ። ከዚያ ወዲህ የደሴ ሙሽራ፣ ተመራቂ፣ ከዓረብ አገር የተመለሰ፣ ሁሉም በኔ በኩል ፓሪስ ገብቶ ወጥቷል። ቅሬታ ያቀረበ ዜጋ የለም።

እስከ ትናንት።

ትናንት ኮምቦልቻ የጥያቄና መልስ ውድድር ነበር። ርዕሱ የዓለም ተራሮች፣ ወንዞች፣ ሐይቆችና ስም ያላቸው ሕንፃዎች። ታናሽ እህቴ ከድጃ ክር ፋብሪካ ትሠራለች፤ ከፋብሪካው ቡድን ሦስት ተወዳዳሪዎች አንዷ ናት። "ናያጋራ ፏፏቴ የት ይገኛል?" ተባለች። ከድጃ ቀጥ ብላ ቆማ፣ አንገቷን እንደ ቀጭኔዬ አስግጋ፣ "ፓሪስ፣ ማማው አጠገብ" አለች።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔ የመጨረሻው ወንበር ላይ ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ማሰሪያ አጠበቅሁ። ጫማዬ ማሰሪያ የለውም።

ቡድኑ እንደ ምንም በአንድ ነጥብ አለፈ። እሑድ ፍጻሜው ከደሴ መምህራን ጋር ነው። የቡድኑ አለቃ ጴጥሮስ ግን ከድጃን አስወጥቶ ከሒሳብ ክፍል ዲግሪ ያለው ሰው ሊያስገባ እያሰበ ነው አሉ። ሐሙስ ፈትኗት ይወስናል።

ስልክ ደወልኩላት። አላነሳችም። ደግሜ ደወልኩ። ዘጋችው።

ማክሰኞ

ፈረቃዋን ጨርሳ፣ የሐረጎን ዳገት በሚኒባስ ተጠማዝዛ ከኮምቦልቻ መጣች። ሰላምታ የለም። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ግድግዳው ፊት ቆመች።

"ይሄ ነው ያሳቀብኝ?"

"ሥዕል እኮ ነው፣ እህቴ።"

"ሥዕል ከሆነ ስም ምን ያደርግለታል? ደግሞስ ስጠይቅህ፣ 'ናያጋራ ይባላል፣ የፓሪስ ነው' አላልከኝም? አላልኩም ካልክ ወላሂ በል።"

ወላሂ አላልኩም። ሃይማኖት አለኝ።

ቀጥላ የተናገረችው ነው የከነከነኝ። "ሌላ ሰው ቢነግረኝ እጠራጠር ነበር። የተማርከው አንተ ነህ ብዬ አመንኩ።"

ከድጃ ኩታበር ሳለን ከስምንተኛ ክፍል ነው ያቋረጠችው። ለሁለታችን የሚሆን አቅም ቤት ውስጥ ስላልነበረ፣ እኔ ልጨርስ እሷ ቀረች። እኔም ጨረስኩ። ጨርሼ ናያጋራን ፓሪስ አስገባሁ። የትምህርት ፋይዳ ይኸው ነው።

እንደ ጥፋተኛ ባለሥልጣን ቁጭ አድርጋ ግድግዳውን አስመረመረችኝ። ውጤቱ፦

ማማው፦ ፓሪስ። ንጹሕ ሆኖ ተገኝቷል።
ፏፏቴው፦ አሜሪካና ካናዳ ድንበር ላይ። ያለ ፓስፖርት ተሻግሯል።
ቀጭኔው፦ ፓሪስ ውስጥ ምን እንደሚሠራ ማስረዳት አልቻለም።
ተራራው፦ ኪሊማንጃሮ። እኔ ኬንያ አልኩ፣ እሷ ታንዛኒያ። ቀን መቁጠሪያዬ ላይ ከተራራው ሥር "ኬንያ" የሚል ጽሑፍ አለ፤ እኔ በጽሑፍ አምናለሁ። ጉዳዩ ለሌላ ቀጠሮ ተላልፏል።

ያልጠበቅሁት ነገር፣ ከማማው በቀር ልጅቷ ሁሉንም ከኔ የበለጠ ታውቃለች። እንዴት ነው የምታጠኚው አልኳት። ፋብሪካ ውስጥ ክሩ እንዳይበጠስ በማሽኖቹ ረድፍ መሐል ስትመላለስ ነው የምትውለው። ለእያንዳንዱ ረድፍ የወንዝ ስም አወጣችለት። አንደኛው አማዞን፣ ሁለተኛው ሚሲሲፒ፣ ሦስተኛው ዳኑብ። እየተመላለሰች ወንዙ የሚያልፍባቸውን አገሮች ትቆጥራለች። ጓደኞቿም ለምደውት፣ "ከድጃ ድረሽ፣ ዳኑብ ተበጥሷል" ይሏታል።

ስትወጣ በሩ ላይ ዞር ብላ፣ "ያን ውሃ ከፓሪስ አስወጣልኝ" አለችኝ።

ረቡዕ

ትእዛዙ ተፈጸመ። ናያጋራን በሰማያዊ ቀለም ሸፈንኩት። አሁን ሰማይ ነው። ፓሪስ በታሪኳ እንዲህ ደረቅ ሆና አታውቅም።

ቀለሙ ሳይደርቅ እትዬ ሐዋ መጡ፤ የሠፈራችን ሰው ናቸው፣ ከልጃቸው ሠርግ በፊት ፎቶ ሊነሱ። ገና ከመቀመጣቸው ዞር አሉ።

"አንተ ሰይድ፣ ፏፏቴው የታለ?"

"ካናዳ ሄደ፣ እትዬ።"

"የኔ ልጅ ስንት ዓመት ሲያመለክት ከልክለውት፣ ለውሃ ቪዛ ሰጡት?"

ጉዳዩን በዝርዝር አስረዳሁ። ድንበሩን፣ ሁለቱን አገሮች፣ የእህቴን ውርደት። እትዬ ሐዋ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት አዳመጡኝና፣ "እሱ ይሁን። ግን ወይዘሮ ዘነብ ከነፏፏቴው ነው የተነሱት፤ እኔ ከወይዘሮ ዘነብ በምን አንሼ ነው በደረቅ አገር የምነሳ?" ብለው ነጠላቸውን ሰብስበው ተነሱ። ማዶ ካለው ፎቶ ቤት ገቡ። እዚያ ሁለት ዝይ ያለበት ሐይቅ አለ። ዝይዎቹ ዳክዬ ይመስላሉ፤ ይህን የምለው በሙያ እንጂ በቅናት አይደለም።

ከሰዓት ሌሎች ሁለት ሰዎችም ገብተው፣ አይተው፣ ወጡ። እውነት ደንበኛ የላትም።

ሐሙስ

በምሳ ሰዓት ስልክ ከእጄ አልወጣም። አንድ ወጣት ለመታወቂያ ፎቶ መጥቶ ሁለት ጊዜ ዓይኑን ጨፍኖ አነሳሁት።

በመጨረሻ ደወለች። ድምጿን ስሰማ አወቅሁ።

ሆኖ የተገኘው እንዲህ ነው። ጴጥሮስ ከድጃንና ባለ ዲግሪውን የፋብሪካው ምግብ ቤት ውስጥ፣ በሰው ፊት አስቀምጦ አሥር አሥር ጥያቄ ጠየቃቸው። ጴጥሮስ የወንጌል አማኝ ነው፤ ሰውን ሁሉ ወንድም፣ እህት ነው የሚለው። ሲቀጣም "ወንድም" ብሎ ነው የሚቀጣው። ባለ ዲግሪው ሰባት መለሰ። ከድጃ ዘጠኙን መለሰች። በጣም ጥልቁ ሐይቅ ባይካል፣ አገሩ ሩሲያ። ሁለት አህጉር ላይ ያረፈች ከተማ ኢስታንቡል። በስፋት ትልቁ በረሃ ሲባል ባለ ዲግሪው ሰሐራ አለ፤ ከድጃ አንታርክቲካ። በረሃ የሚያሰኘው ሙቀት ሳይሆን ዝናብ ማጣት ነው ብላ አስረዳችው።

አሥረኛው፦ በዓለም ረጅሙ ፏፏቴ የቱ ነው?

"ኤንጅል፣ ቬንዙዌላ" አለች።

"እህት ከድጃ፣ ወረቀቱ ናያጋራ ይላል።"

ናያጋራ። እንደገና ናያጋራ። ይህ ውሃ ቤተሰባችንን ምን አድርጉልኝ እንደሚል አላውቅም። ምግብ ቤቱ ሳቅ ጀመረ። ሌላ ሰው ቢሆን ይቀመጣል። ከድጃ ግን፣ "ወንድም ጴጥሮስ፣ እኔ ናያጋራን ከማንም በላይ ነው የማውቀው። አሳፍሮኛል። ረጅም አይደለም፤ ሰፊ ነው" አለች።

ጴጥሮስ ስልኩን አውጥቶ ፈለገ። ቆመ። "የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፣ እህቴ። ወረቀቱን የጻፍኩትም እኔ ነኝ። ጌታ ይባርክሽ፤ እሑድ ቦታሽ ቦታሽ ነው።" በሰው ፊት ነው ያለው። ይህን ሰው ከዛሬ ጀምሮ አከብረዋለሁ። እኔ ስህተቴን ያመንኩት ለደብተር ብቻ ነው።

ዓርብ

ከጁምዓ መልስ ወሰንኩ። ፏፏቴው ይመለስ። ነገር ግን በሕግ አግባብ።

ናያጋራን ቀድሞ በነበረበት ላይ እንደገና ሳልኩት፤ እንዲያውም ዘንድሮ የበለጠ ይወርዳል። ከዚያ "ፓሪስ" የሚለውን አጥፍቼ ለእያንዳንዱ አድራሻውን በትንንሽ ፊደል መጻፍ ጀመርኩ። ማማው፦ ፓሪስ። ፏፏቴው፦ አሜሪካና ካናዳ። ቀጭኔው፦ እንግዳ።

ተራራው ላይ ብሩሼ ቆመ። ቀን መቁጠሪያውን አወረድኩ። ዝሆኖች፣ ሣር፣ ከኋላ በረዶው፣ ከሥር "ኬንያ"። "ኬ" ብዬ ጀመርኩ።

ያኔ ዓይኔ ከጎን የተሰቀለው የሠርግ ፎቶ ላይ አረፈ። ራሴ ያነሳሁት ነው፤ ሙሽሮቹ ሐረጎ መታጠፊያ ላይ ቆመው፣ ከኋላቸው ኮምቦልቻ ከነጣሪያዋ ተዘርግታ። ከሥሩ በራሴ እጅ ጽሑፍ "ሐረጎ" ይላል። ታዲያ ኮምቦልቻ ሐረጎ ላይ ናት? ወላሂ አይደለችም። ሐረጎ ላይ የነበርኩት እኔ ነኝ። የጻፍኩት እኔ የቆምኩበትን ነው።

ቀን መቁጠሪያውን ያነሳውም ሰው ኬንያ ቆሞ ነበር። ተራራው ማዶ፣ ታንዛኒያ ነው።

ስንት ዓመት በካሜራ እንጀራ በልቼ ይህን ዛሬ አወቅሁ። "ኬ"ዋን አጠፋሁና ደወልኩላት።

"ከድጃ፣ ታንዛኒያ ነው።"

"እሱንማ ነግሬህ ነበር።"

"ኬንያ የሚያስመስለው ለምን እንደሆነ ግን አልነገርሽኝም" አልኩና የሐረጎውን ነገር ተረኩላት። "ሐረጎ፣ ኬንያ። ኮምቦልቻ፣ ታንዛኒያ" ብላ ደገመችው። ከደገመችው ገብቷታል ማለት ነው።

"አብሽር" አለችኝ። "ተምረሃል እኮ።"

ይህን ቃል በወርቅ ቀለም እጽፈው ነበር፤ ያለኝ ቀይ ብቻ ነው።

ቅዳሜ

ነገ ነው። የደሴ ሰው ነኝ፣ የደሴ ግብር ከፋይ ነኝ፣ ደሴ እንድትሸነፍ ዱዓ እያደረግሁ ነው። አላህ የመኖሪያ አድራሻ አይጠይቅም።

እሑድ

ከኮምቦልቻ አሁን ተመለስኩ።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ዳኛው መምህር ይመር፣ በጡረታ ያሉ የጂኦግራፊ አስተማሪ፤ በሳቸው ፊት ማንም በርቀት እንኳ "አንተ" የሚል ቃል አያወጣም። ደሴዎቹ ሦስት መምህራን፣ ሸሚዛቸው የተተኮሰ። የኛዎቹ ጴጥሮስ፣ አንድ ጥገና ሠራተኛ፣ ከድጃ። ከጎኔ የተቀመጠ አንድ የደሴ ደጋፊ ከድጃን ሲያያት፣ "የፓሪሷ መጣች" አለ። ማሰሪያ የሌለውን ጫማዬን አልነካሁም። ቀና ብዬ ተቀመጥኩ።

እኩል ለእኩል ሆነው የመጨረሻው ጥያቄ ላይ ደረሱ። ግድግዳው ላይ ፎቶ በራ። ዝሆኖች። ሣር። በረዶ።

ግድግዳዬን አዳራሽ ድረስ ያመጡብኝ መሰለኝ።

"ይህ ተራራ የት አገር ይገኛል?"

የደሴው መምህር ቀድሞ ደወሉን መታ። "ኪሊማንጃሮ። ኬንያ።"

"ወደ ኮምቦልቻ ይለፍ" አሉ መምህር ይመር።

ከድጃ ተነሳች። "ታንዛኒያ።"

"ትክክል" ከማለታቸው የደሴው መምህር ብድግ አለ። "ክቡር ዳኛ፣ ተቃውሞ አለኝ። እርስዎ ያሳዩን ፎቶ ሥር ኬንያ ተብሎ ተጽፏል። ከዚህም ይነበባል።" እውነትም ይነበባል። አዳራሹ አጉረመረመ። መምህር ይመር መነጽራቸውን ገፋ አድርገው ወደ እህቴ ዞሩ። "አንቺስ ምን ትያለሽ፣ ልጄ? ጽሑፉ እንዳለ ነው።"

ከድጃ አልቸኮለችም። "ጽሑፉም ልክ ነው፣ እርስዎም ልክ ነዎት" አለች። "ፎቶው የተነሳው ኬንያ ነው። ተራራው ያለው ታንዛኒያ ነው። ሐረጎ ላይ ሙሽራ ስትነሳ ከኋላዋ የምትታየው ኮምቦልቻ ናት፤ ኮምቦልቻ ግን ሐረጎ ላይ አይደለችም። ፎቶ አንሺ የሚቆመው ሁልጊዜ ከሚያነሳው ነገር ራቅ ብሎ ነው።" ከዚያ ጣቷን ወደ መጨረሻው ወንበር ዘረጋች። "ይህን ያስተማረኝ ወንድሜ ነው። ያ የተቀመጠው። ፎቶ አንሺ ነው።"

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ባለፈው እሑድ በሳቀብን አዳራሽ ውስጥ።

መምህር ይመር ቀስ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። "እኔ ይህን ለማስረዳት አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ይፈጅብኝ ነበር" አሉ። ቀጥለው ለደሴዎቹ፣ "ተቀመጡ፣ ልጆቼ።"

የኛዎቹ አሸነፉ። ሽልማቱ በመስታወት የተሸፈነ ትልቅ የዓለም ካርታ ነው። ካርታ የሚሰጠው ሁልጊዜ ለማያስፈልገው ሰው ነው።

ከጎኔ የነበረው የደሴ ደጋፊ ትከሻዬን መታ አደረገኝ። "እህትህ ናት?" "አዎ።" "የት ነው የተማረችው?" ምን ልበል? አማዞን እና ሚሲሲፒ መሐል፣ አልኩት።

ሰኞ

ቡድኑ ካርታውን ተሸክሞ ሐረጎን ወጥቶ መጣ፤ የድል ፎቶ ሊነሳ። ጴጥሮስ ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች አነበበ። ቀጭኔው ላይ ሲደርስ "እንግዳ" የሚለውን ደግሞ አነበበና ሳቀ። ደግነቱ ስለ ሥነ ሥዕል አስተያየት አልሰጠም።

የት እንቁም የሚለው ግማሽ ሰዓት አከራከረ። ጴጥሮስ ተራራው ጋ፣ ጥገና ሠራተኛው ማማው ጋ። ከድጃ ካርታውን አቅፋ ሄዳ ናያጋራ ሥር ቆመች።

"እዚህ ነው" አለች። "ዕዳውን ይክፈለኝ።"

አንተም ግባ አሉኝ። ጴጥሮስ፣ "ወንድም ሰይድ፣ መቼም ያላንተ አይሆንም" አለ። ከድጃ ግን፣ "ተዉት። የሱ ቦታ ያ ነው" ብላ ካሜራው ጀርባ ያለውን ወለል በአገጯ አሳየች።

አነሳኋቸው። ወዲያው አጥቤ መስኮቱ ላይ ሰቀልኩት፤ እትዬ ሐዋ አልፈው ሲሄዱ ቆመው አዩት። "ፏፏቴው ተመለሰ?" አሉ። ተመለሰ፣ እትዬ፣ አልኳቸው። ነገ እመጣለሁ ብለዋል። እስኪ እናያለን፤ ባለፈው ወደ ዝይዎቹ የሄዱ ሰው ናቸው።

ፎቶው ላይ የለሁም። የት እንደቆምኩ የሚጠይቅ ካለ፣ ከድጃን ይጠይቅ።