ጥቁር የለበስኩ ዕለት

ጥቅምት 4፣ 1979
ቀኑን ሙሉ ሚራክል ማይል የሚባል ሰፈር ፓርኪንግ ውስጥ ትኬት ስቆርጥ ውዬ ልምምድ ሄድኩ። ጉሮሮዬ የመኪና ጭስ ጭስ ይላል። የአራት መቶ ዓመት የጣልያን ዘፈን ነው የምናጠናው፤ ያለ ፒያኖ፣ በአራት ድምፅ። ኖታ ያስተማረኝ ወንድሜ ንጋቱ፣ አዲስ አበባ መዘምራን ሳለን። ቤዝ፣ የወንድ ወፍራም ድምፅ ነበር... ምን ነካኝ? ነው! ከታሰረ ወዲህ ወሬው የለም እንጂ።

ዳይሬክተራችን ካረን ቆመን እንድንዘፍን አትፈልግም። ቲያትር ነው ትላለች። መድረኩ መሐል ባዶ አልጋ አስቀምጣ፣ የሞተ ሰው ተኝቶበታል ብላችሁ አልቅሱ አለች። እንደ ግንድ ቆምኩ። በሕይወት ያለ ወንድም እያለኝ ባዶ አልጋ ላይ ማልቀስ? ሟርት ነው።

ጥቅምት 11
ራት የአገሬ ሰው በሚበዛበት ፌርፋክስ ሰፈር፣ እትዬ ዘቢደር ምግብ ቤት። ሳልጠይቅ ጥብስ ጨመሩልኝ። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ጋሼ አስፋውም እጄን ጨብጠው አልለቅ አሉ። "በርቺ፣ ልጄ።" በምን ልበርታ? በፓርኪንጉ?

ጥቅምት 18
ዛሬ ልምምድ ላይ ሰማሁት። እኛ አልቶዎቹ፣ ወፈር ያለ ድምፅ ያለን ሴቶች፣ ስንገባ ከኋላዬ ቤዝ... ጎርነን ያለ፣ ቃሉን የሚጎትት። የንጋቱ ድምፅ። ዞርኩ። ግድግዳ ነው፤ ቤዞቹ የቆሙት ማዶ። ፈራሁ። ደስም አለኝ፤ የባሰ ያስፈራኝ እሱ ነው።

ጥቅምት 24
ካረን ለብቻዬ ያዘችኝ። "ሁሉም ያለቅሳል፣ አንቺ ብቻ..."
"ወንድሜ እስር ቤት ነው። በሕይወት ላለ ሰው አይለቀስም" አልኳት።
ቲያትር እኮ ነው አለች። ለሷ።

ጥቅምት 26
በመድረክ ልብስ ተለማመድን። ጥቁር ቀሚስ፣ ጥቁር ሻሽ። ርቦኝ ስለነበር ሳልቀይር ፌርፋክስ ሄድኩ። ምን አለ ብቀይር ኖሮ...

እትዬ ዘቢደር ከበሩ ላይ አዩኝ። ትሪው ከእጃቸው ወደቀ።
"ነገሩሽ? ማነው የነገረሽ? ቅዳሜ ከሥራ ኦፍ ስትሆኚ ጠዋት ከነአስፋው ጋር ልንመጣ አልነበር! ወይኔ ልጄ! ወይኔ ንጋቱ!"
"እትዬ... የቲያትር ልብስ ነው።"
አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ካፍ ከወጣ አፋፍ።

በሱዳን በኩል የመጣ ልጅ ነው የነገራቸው። እስር ቤት ውስጥ፣ አምና ክረምት። አምና! ታዲያ ከኋላዬ የሚዘፍነው ማነው?

መርዶ ጎህ ሲቀድ ነው፤ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ በር ተንኳክቶ። የኔ በራት ሰዓት መጣ። እንባ ግን አልመጣም።

ጥቅምት 27
ቤቱ በሰው ሞላ። ሰው ያወራል፤ እኔ ግድግዳውን አዳምጣለሁ። ድምፁ አሁንም አለ። ሞቶም ቃናውን አይስትም።

ቲያትሩ ነገ ይጀመራል፤ ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድ። ሁሉም ቅሪ አሉኝ። ጋሼ አስፋው ብቻ ጠየቁኝ።
"ዘፈኑ የምንድን ነው?"
"የለቅሶ ነው፣ ጋሼ። ባዶ አልጋ ላይ።"
"እንግዲያው ለብቻሽ አታለቅሺም" አሉ።

ጥቅምት 28
የፌርፋክስ ሰው በሙሉ መጣ። ጥቁር ለብሰው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከፈረንጆቹ መሐል ተቀመጡ።

አልጋው ጋ ስንደርስ እትዬ ዘቢደር ብድግ አሉ። "ወይኔ ንጋቱ! አፈር ሳናለብስህ!" ሌሎቹ ተቀበሏቸው። ፈረንጆቹ የቲያትሩ ክፍል መሰላቸው። እኔ አልጋው ላይ ወደቅሁ። አለቀስኩ... ወንድሜን እዚያው ቀበርኩት። ዘፈኑ ያለ እኔ ቀጠለ።

ሲያልቅ ፈረንጆቹ አጨበጨቡ። የኛዎቹ አላጨበጨቡም። ተራ በተራ መድረኩ ድረስ መጥተው "እግዚአብሔር ያጽናሽ" አሉኝ።

ካረን ዓይኗ ቀልቶ መጣች። "እነዚያ ሰዎች... ነገም ይመጣሉ?"
"ይመጣሉ" አልኳት። "ለቅሶ ሦስት ቀን ነው።"