የኦርጋን ተጫዋቹ ገረዝጊሄር ዘርኣይ እና የመጀመሪያው አልበማቸው

አቶ ገረዝጊሄር ዘርኣይ ከአባታቸው ከአቶ ዘርኣይ ተስፋኣለም እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሓረጉ መንግስትኣብ በመጋቢት 1961 እ.ኤ.አ. አስመራ፣ ገዛ ባንዳ ተወለዱ። አባታቸው የመኪና መካኒክ ነበሩ። ኦርጋን መጫወት የጀመሩት በልጅነታቸው፣ በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ከሚጫወቱ አንዲት መነኩሲት አጠገብ ተቀምጠው ነው። ትምህርታቸውንም እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተከታትለዋል።

በ1977 ታላቅ ወንድማቸው ኣስፍሃ ለማንም ሳይናገሩ የነጻነት ታጋዮችን ሊቀላቀሉ ወደ ሜዳ ወጡ። ከዚያ ወዲህ አንድም ወሬ አልተሰማም። አቶ ገረዝጊሄር በየሆቴሉ እየተጫወቱ ወላጆቻቸውን ረዱ፤ በ1985 ከወይዘሮ ንግስቲ ጋር ጋብቻ ፈጽመው ልጃቸውን ዮሃናን ወለዱ።

በግንቦት 1991 ታጋዮቹ ከተማ ሲገቡ ወይዘሮ ሓረጉ የኣስፍሃን ፎቶግራፍ ይዘው መንገድ ዳር ቆሙ። በማግስቱም ቆሙ። ክረምቱ እስኪገባ ቆሙ። አይቼዋለሁ የሚል ሰው ግን አልተገኘም። አቶ ገረዝጊሄርም ከጎናቸው ይቆሙ ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት ከሦስት ጓደኞቻቸው ጋር «ጽላሎት» ባንድን መሠረቱ። የሚጫወቱት ፕሮግሬሲቭ ሮክ ነበር፤ ረጅም ነው፣ ስልቱ በየመሃሉ ይለዋወጣል፣ ለጭፈራም አይመችም። በ1993 ስቱዲዮ ገብተው የመጀመሪያውን አልበማቸውን ቀረጹ። ከሁሉም በላይ የደከሙበት «ኣስፍሃ» የተሰኘው የሃያ ደቂቃ ሥራ ነበር። መካከሉ ላይ መሣሪያዎቹ በሙሉ ጸጥ ይሉና ወይዘሮ ሓረጉ ራሳቸው፣ «ኣስፍሃ ወደይ፣ ልጄ፣ በሩ አልተቆለፈም፤ ግባ» ይላሉ። አንዴ ተናገሩት፤ ድገሙልን ቢባሉ አልቻሉም።

ካሴቱ የወጣ ዕለት ጎረቤት ተሰብስቦ ማዳመጥ ጀመረ። ወይዘሮ ሓረጉ ጆሯቸውን ወደ ቴፑ አስጠግተው፣ «ወደይ፣ እኔ የምናገረው የት ላይ ነው?» አሉ።

«ገና ነው፣ ኣደይ» አሏቸው አቶ ገረዝጊሄር እናታቸውን።

«ኣስፍሃ» በአራተኛው ደቂቃ አለቀና ሌላ ዘፈን ገባ።

በማግስቱ አቶ ገረዝጊሄር ካሴቱን ወዳሳተሙት ነጋዴ፣ እዳጋ ሓሙስ ሰፈር ሄዱ። ነጋዴው አልደበቁም። «ሃያ ደቂቃ ማን ቁጭ ብሎ ይሰማል? የሚጨፈርባትን ክፍል ብቻ አስገባሁልህ» አሉ።

«ዋናው ቴፕስ?»

«ቴፕ እንደ ልብ የት ይገኛል! ሌላ ዘፋኝ ቀዳንበት።»

ነጋዴው ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ሻሂ አዘዙላቸው። አቶ ገረዝጊሄርም ሻሂውን ጠጥተው ወጡ። ምን ያድርጉ?

ካሴቱ ተወዳጅ ሆነ። በየሠርጉ «ኣስፍሃ፣ ኣስፍሃ» እየተባለ ተጨፈረበት። በዚያው ዓመት ማብቂያ ላይ የኣስፍሃ መርዶ መጣ፤ የወደቁበት ስፍራ ግን አልታወቀም። ሐዘኑ ካለፈ በኋላም የሠርግ ባለቤቶች ያቺኑ ዘፈን ይጠይቁ ነበር፤ አቶ ገረዝጊሄርም ቀና ሳይሉ ይጫወቱላቸው ነበር። ወይዘሮ ንግስቲ አንድ ቀን፣ «ለምን እምቢ አትልም?» ቢሏቸው፣ «ስሙን የሚጠራው ሌላ ማን አለ?» ብለው መለሱ። ባንዱ ሁለተኛ አልበም ሳይሠራ ተበተነ።

በ1996 መጨረሻ ጉበታቸውን ታመሙ። ሐኪሞች የሚቻላቸውን አደረጉ፤ ከዚያም ቤታችሁ ውሰዷቸው አሉ። እኛ ቤተሰቡ ተራ በተራ አጠገባቸው ተቀመጥን፤ ትራሳቸውን ከማስተካከል በቀር ያገኘነው ሥራ አልነበረም። ጥቅምት 19 ቀን 1997 በተወለዱ በ36 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ንግስቲ፣ ልጃቸው ዮሃና እና እናታቸው ወይዘሮ ሓረጉ በሕይወት አሉ። ወይዘሮ ሓረጉ ለታላቁ ልጃቸው የሚያለቅሱበት መቃብር አላገኙም፤ ዛሬ ታናሹን አፈር ያለብሳሉ። እግዚአብሔር የአቶ ገረዝጊሄርን ነፍስ ከወንድማቸው ጋር ያሳርፍልን፤ ለእናታቸውም ከዚህ ተነሥተው ቤታቸው የሚገቡበትን ጉልበት ይስጥልን።