ቅዳሜ ከአባቴ ጋር፣ ጂም ውስጥ

ኅዳር 25፣ 2014

ለማንም አልናገረውም። እዚህ ግን... ልጻፈው? አብሬው የምኖረውን ሰው አላውቀውም። አባቴን።

አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከገባሁ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። እሱ ዲቪ ደርሶት ሲሄድ ስድስት ዓመቴ ነበር፣ አሁን አሥራ ስድስት። የኔ ወረቀት ሲጓተት ቆይቶ ነው። እናቴ በሕፃንነቴ ስለሞተች ሞጆ ያሳደገችኝ እህቷ ፀደይ ናት፣ ፀዲዬ። እሷም አግብታ ዴንቨር ገባች። እና አሁን እዚህ፣ ፎረስት ፓርክ የሚባል ሰፈር፣ ሁለት ሰው በአንድ ቤት።

ትናንት "እራት ይብሉ" አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ። "እኔን ነው? እንግዳ አደረግሽኝ እኮ" አለ። ፊቴ ጋለ።

ዛሬ "ቤት ከምትቀመጪ ኳስ ልውሰድሽ?" አለኝ። እግር ኳስ መስሎኝ ሁለት ሹራብ ደረብኩ። ለካ ቅርጫት ኳስ ነው፣ ቤት ውስጥ። ሮኪ ፎርክ የሚባል ትንሽ ኮሌጅ፣ የሴቶች ቡድን። ጂሙ ይሞቃል። ሹራቤን ታቅፌ አላበኝ።

ምንም አልገባኝም። ግን ከተጫዋቾቹ የአንዷ ጀርባ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል "ከተማ" ይላል። "ከተማ የሚባል የሥራ ጓደኛ አለኝ፣ የሱ ልጅ ናት። የአብሥራ ነው ስሟ፣ እዚሁ ነው የተወለደችው" አለኝ። ከዚያ በኋላ እሷን ብቻ ሳይ ዋልኩ። ብዙውን ጊዜ ተቀያሪ ወንበር ላይ ነበረች።

ኅዳር 26

ፀዲዬ ደወለች። "እኔ ጋ ነይ፣ ክፍል አለሽ። ሕፃኑንም ታጫውቺልኛለሽ። ከሱ ጋር ምን ታወራላችሁ?"

"ምንም።"

ሳቀች። እኔ እውነቴን ነበር።

"በይ እስከ የካቲት መጨረሻ ወስኚ። ትምህርት ቤትሽን ሳላበላሽ እንዳዛውርሽ።"

እሱ ኩሽና ነበር፣ ሰምቷል። "ፀደይ ለኔም ነግራኛለች። አንቺ ደስ ያለሽን" አለና ሳህኑን ማጠብ ቀጠለ። ደስ ያለኝን... ሌላ ነገር አልጨመረም። እንድሄድለት ይፈልጋል ማለት ነው?

ታኅሣሥ 9

ዛሬም ጂም። ትንሽ እየገባኝ ነው። ስምንት ኮሌጆች አሉ፣ ከጥር እስከ የካቲት እርስ በርስ ይጋጠማሉ። ኮንፈረንስ ይሉታል። ከስምንቱ አራቱ ያልፉና ለዋንጫ ይጫወታሉ። እስከ ገና ያለው ማሟሟቂያ ነው አለ እሱ።

ሲያስረዳኝ በመሃል ስልኩን ያያል። ብዙ ጊዜ። እኔን ማስረዳት ይሰለቸዋል መሰለኝ።

አንድ ነገር በጣም ወደድኩ። ተጫዋቿ ጥፋት ሲሠራባት ብቻዋን ቆማ ትወረውራለች፣ የሚከላከላት የለም። የነሱ ልጅ ስትወረውር ሰው ሁሉ እንድትስት ይጮኻል። የኛ ስትወረውር ግን ጂሙ በሙሉ ጸጥ። ሁለት መቶ ሰው እንደኔ ዝም ይላል። እንደዚያ ያለ ቦታ አይቼ አላውቅም።

ታኅሣሥ 27

በኮቪድ ምክንያት የዛሬው ጨዋታ ተሰረዘ። ስምንት ልጆች ታመዋል አሉ። ቅር አለኝ። ቅር ይለኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ታኅሣሥ 30

አሸነፍን። "አሸነፍን" ብዬ ጻፍኩ... ይሁን።

የዛሬዎቹ ሐምራዊ ነው የሚለብሱት፣ ስሜ የወጣበትን ቀለም። "ስምሽን ይዘው መጡብን፣ ከማን ጋር ነሽ?" አለኝ። "ከኛ ጋር" አልኩ። ድምፄ በማስኩ ውስጥ መሰማቱን እንጃ። ማስክ ደስ ይለኛል። ሰው ፊቴን አያይም።

ጥር 6

ትምህርት ቤት። በዕድሜ ከሁሉም እበልጣለሁ፣ ክፍሌ ዘጠነኛ ነው። ሁለት ዓመት ስላቋረጥኩ። መምህሯ ስለ ዕረፍት ቀኖቻችን እንድንናገር አለችን። ተራዬ ሲደርስ "ባስኬትቦል" አልኩ። "ትጫወቻለሽ?" አለችኝ። "አይ፣ አያለሁ።" አንድ ልጅ ሳቀ፣ ግን ክፉ ሳቅ አልነበረም። "የትኛውን ቡድን?" አለኝ። ሮኪ ፎርክን አያውቀውም። ማን ያውቀዋል።

ጥር 14

ሦስት አሸንፈን ሁለት ተሸንፈናል። አራተኛ ነን። የአብሥራ አሁን ከመጀመሪያው ትገባለች፣ አንዷ ቁርጭምጭሚቷን ስለታመመች። ቁመቷ አጭር ነው፣ ግን ኳስ ትነጥቃለች። ከሰው እጅ ሳይሆን ጠረጴዛ ላይ የተረሳ ነገር እንደምታነሳ ነው የምትወስደው።

በመኪና ስንመለስ ስለሷ አወራን። እኔም አወራሁ። ሁለት ወይም ሦስት ዓረፍተ ነገር። እሱ ሬዲዮውን ዘጋው፣ እንዳያመልጠው ነው መሰለኝ።

ጥር 21

ዛሬ የሆነውን ሁሉ ልጻፍ።

የየአብሥራ እናት እትዬ ማዘንጊያ መጥተው ነበር። ብሌንደን ታውንሺፕ ነው የሚኖሩት። ቅዳሜ ቅዳሜ አረጋውያን መጦሪያ ስለሚሠሩ የልጃቸውን ጨዋታ በዓይናቸው አይተው አያውቁም። ዛሬ ኦፍ አግኝተው፣ ነጠላቸውን በካፖርቱ ላይ ጣል አድርገው መጡ። በኔና በአባቴ መሃል ተቀመጡ።

"የቷ ናት የኔ?"

"ያቺ፣ ፀጉሯን ወደ ላይ ያሰረችው" አልኳቸው።

"እንዴ፣ ምነው ከሳች? እዚህ ሲያስሮጧት ነው ለካ።"

ጨዋታው አንገት ለአንገት ነበር። ሊያልቅ ሲል ቢጫ ለባሾቹ በአንድ ነጥብ ይመሩናል። ያኔ የአብሥራን ገፍተው ጣሏት። ሁለት ውርወራ ተሰጣት። ሰው ሁሉ ጸጥ አለ። የመጀመሪያውን አስቆጠረች። እኩል ሆንን።

እትዬ ማዘንጊያ ማስካቸውን አወረዱና እልል አሉ።

ጸጥታው ተመልሶ ነበር። የአብሥራ ለሁለተኛው ኳሱን ይዛ ቆማለች። እሳቸው ግን አልጨረሱም። አንዱን እልልታ ጨርሰው ለሌላው አየር ሲስቡ አየሁ። ማስቆም እችል ነበር። እጃቸውን ብነካ በቂ ነበር። ግን እንዴት ነው እትዬን ዝም በሉ የሚባለው? የልጅ እናት፣ በደስታዋ ቀን... እጄ ጭኔ ላይ ቀረ።

የአብሥራ ወደኛ አየች። ፈገግ አለች። ወረወረች። ሳተች።

ቢጫዎቹ ኳሷን ይዘው ሮጡ፣ አስቆጠሩ፣ አለቀ።

ከፊታችን ያለው ሽማግሌ ፈረንጅ ዞሮ አየን። መሬት ብትውጠኝ። እትዬ ማዘንጊያ "አለቀ? ማን አሸነፈ?" አሉ።

"እነሱ" አለ አባቴ።

"ውይ። የኔ ልጅ ግን አግብታ የለ?"

ከዚያ የአብሥራ ላቧን እየጠረገች ወደ መቀመጫችን ወጣች። "ማሚ፣ ኦ ማይ ጋድ።"

"ምን አጠፋሁ?"

"ኖ፣ ኖ... ጥሩ ነው። ግን ሁለቱም ካለቀ በኋላ አድርጊው፣ ኦኬ?" አማርኛዋ ቃል በቃል እየፈለገች ነው። ከዚያ ወደኔ ዞረች። "አንቺ ሁልጊዜ ነው የምትመጪው፣ አይ ሲ ዩ። ኔክስት ታይም እጇን ያዢልኝ።"

አየችኝ? እኔን?

መኪና ውስጥ ገብተን ቀበቶ እያሰርን አባቴ መሳቅ ጀመረ። መሪውን ይዞ፣ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ። "ሁለተኛውን አየር ስትስብ አየሻት?" አለኝ። "አየሁ" አልኩ። "እኔም አየሁ። ዝም በዪ ልላት ፈለግኩ፣ ፈራሁ።" እሱም። እሱም ፈርቷል። ሁለታችንም እስክናለቅስ ሳቅን። ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም ነበር።

ጥር 27

እትዬ ማዘንጊያ ቤት እራት ጠሩን። ሳህን እያቀራረብኩ ሳለ "ኳሱን እንዴት ወደድሽው?" አሉኝ። አባቴ ከዱሮ ጀምሮ ደጋፊ ስለሆነ እሱ እንዳስተማረኝ ነገርኳቸው።

"ማ? ወርቅነህ?" ሳቁ። "ወርቅነህ ቅርጫት ኳስ የት ያውቃል? አንቺ ልትመጪ ሲል ነው እንጂ! ከተማን 'ልጅቷን የት ልውሰዳት? ምን አወራታለሁ?' እያለ ያስጨንቀው ነበር። ከተማም 'የኔን ልጅ እያያችሁ እሷን አውሩ' አለው። ቅዳሜ ኦፍ እንዲሆን እኮ እሑድን ሁለት ሺፍት ነው የሚነዳው።"

ለካ ስልኩን የሚያየው... የጨዋታውን ሕግ እየፈለገ ነው። እኔ ስጠይቀው።

እሱ ሳሎን ነበር። ሄጄ ውሃ አቀበልኩት። ውሃ አልጠየቀም ነበር። ጠጣው።

የካቲት 3

ፀዲዬ መልእክት ላከች። "ወሰንሽ?" አልመለስኩላትም። ፀዲን እወዳታለሁ። እናቴን የማውቃት በሷ ነው። ዴንቨር ብሄድ ማውራት አያስፈልገኝም፣ ዝም ብዬም ታውቀኛለች። እሱ ግን "አንቺ ደስ ያለሽን" ነው ያለኝ። ቅሪ አላለኝም። ሁለት ሺፍት መንዳትና ቅሪ ማለት አንድ ነው?

የካቲት 12

የኮንፈረንሱ የመጨረሻ ጨዋታ። አምስተኛ ስለነበርን ካላሸነፍን አናልፍም።

እትዬ ማዘንጊያ የሥራ ቀን ቀይረው መጥተዋል። ከጎኔ አስቀመጥኳቸው። የአብሥራ ልትወረውር ስትቆም እጃቸውን ያዝኩ። "እትዬ፣ ትንሽ ይቆዩ" አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት። በአፌ።

"አፌ ላይ ደርሳለች እኮ፣ ልጄ።"

"ትጠብቅ። ሁለቱም ይለቁ።"

ሁለቱም ገቡ። ለቀቅኳቸው። ጂሙ ውስጥ እንደዚያ ያለ እልልታ... ያ ፈረንጅ ሽማግሌ ራሱ ተነስቶ አጨበጨበ።

በአራት ነጥብ አሸነፍን፣ አለፍን። ለአባቴ "አራተኛ ሆነን ጨረስን" አልኩት። "ሒሳቡን ከኔ በፊት ሠራሽው" አለኝ።

የካቲት 19

የግማሽ ፍጻሜው አንደኛ በወጡት ሜዳ ነው፣ ወደ ሰሜን የሁለት ሰዓት መንገድ። በአሥራ ስድስት ነጥብ ተሸነፍን። ከመጀመሪያው የነሱ ነበር። የአብሥራ ሲያልቅ አላለቀሰችም፣ ወደኛ እጇን አውለበለበች። የዓመቱ ውድድር አለቀ። አላዘንኩም፣ ገርሞኛል።

ስንመለስ በረዶ ይጥል ነበር። ቀስ ብሎ ነበር የሚነዳው።

"ፀደይ የሰጠችሽ ቀን ደረሰ አይደል?" አለኝ።

"ደረሰ።"

ከዚያ መንገዱን እያየ ተናገረ። "የዛሬ አሥር ዓመት ስሄድ አልጠየቅኩሽም። ተኝተሽ ነበር። ካልቀሰቀስኳት አታለቅስም ብዬ... አሁን ቅሪ ብልሽ እሺ ትያለሽ። ባትፈልጊም እሺ ነው የምትይው። ዝምታሽን አውቀዋለሁ፣ የኔ ነው። ለዚህ ነው ዝም ያልኩት። እንድትሄጂ ፈልጌ አይደለም።"

መስኮቱን አየሁ።

ቆይቶ "ዴንቨር ደግሞ ተራራ ነው አሉ። ኳስ ሲያነጥሩ ተንከባሎ ነው የሚሄድባቸው" አለ።

ሳቅሁ። እሱም። ቤት ደረስን።

የካቲት 20

እሑድ ነው። የሁለት ሺፍቱ ቀን። ጠዋት ስነሳ ሄዷል። ምጣዱ ላይ የኔን እንቁላል ሸፍኖ ትቶልኛል።

ቀኑን ሙሉ አሰብኩ። አሰብኩ ከምል... ከመጀመሪያውም አውቄው ነበር። ፎረስት ፓርክ መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፣ ቤቶቹ አንድ ዓይነት ናቸው፣ በረዶው ጥቁር ሆኗል። ምንም የሚያምር ነገር የለውም። እሺ፣ ለምን ታዲያ ሻንጣ ሳስብ ሆዴ ባባ?

ፀዲዬ ታዝናለች። በክረምት ዕረፍቴ ሄጄ ሕፃኑን አጫውትላታለሁ። ይህንንም እነግራታለሁ።

በስልክ ልጽፍለት አሰብኩ። ጻፍኩ፣ አጠፋሁት። አባዬ ይህን ከስልክ ማንበብ የለበትም። ስለ ኳስ እንጂ ስለ ራሴ ፊቱን እያየሁ አንድ ነገር ነግሬው አላውቅም። አፌ እምቢ ቢለኝስ? እምቢ ካለኝ እስኪከፈት ፊት ለፊቱ እቆማለሁ። እሱ መጠበቅ ይችላል፣ አይቸኩልም።

ነገ ለሥራ ሲነሳ እኔም እነሳለሁ። ሻይ አፍልቼ፣ ጫማውን ሳያስር "አልሄድም" እለዋለሁ። መጀመሪያ ለሱ። ከዚያ ለፀዲዬ እደውላለሁ።