የገጠምሽልኝ ማቀዝቀዣ

ለእህቴ ለቶራ፣

ስልክ እያለ ምን ወረቀት ያስጽፈዋል ትዪ ይሆናል። ከደብዳቤው ጋር በሌላ ወረቀት የጠቀለልኩት ትንሽ ነገር አለ፤ ፍቺው እስክልሽ ድረስ እንዳትፈቺው። መጀመሪያ ጤናሽን ልጠይቅ። እንዴት ነሽ? ባለቤትሽ ዳርሲስ እንዴት ነው? የዋይትሆርስ ብርድ፣ የማዕድን ማውጫው ሥራ እንዴት ይዟችኋል? እጅሽ ላይ የነበረው ቃጠሎ ዳነልሽ ወይ? እኛ ደህና ነን። እማዬ ጉልበቷን ትንሽ አሟት ነበር፤ አሁን ተሽሏታል። ውሻችን አርጅቶ ደረጃ መውጣት ስላቃተው አባዬ ተሸክሞት ይወጣል፣ ተሸክሞት ይወርዳል።

ከሁለት ዓመት በፊት በገና ሰሞን የሆነውን መቼም አልረሳሽውም። አባዬ ከእህል ጎተራው ሥራ ጡረታ ወጥቶ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከእኛ ጋር ልጫወት ብሎ፣ በስተርጅና የመጀመሪያውን የጌም ኮምፒውተር በገዛ እጁ ገጣጠመ። እየጋለ ሲጠፋበት አንቺ ከፈትሽው። በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መሐል፣ ፋብሪካው የለጠፈው ስስ ላስቲክ ሳይላጥ፣ ሙቀቱን አፍኖ ተቀምጦ አገኘሽ። «ከመገጠሙ በፊት ይነሳ» የሚለውን ጽሑፍ ጮክ ብለሽ አነበብሽና «አባዬ፣ መነጽርህን ነው ወይስ ጭንቅላትህን የምንቀይርልህ?» አልሽው። ላስቲኩን ፍሪጁ ላይ በማግኔት ሰቀልሽ፤ ፎቶውን አብረውን ለሚጫወቱት ለአስራ አንዱም ላክሽ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የአባዬ ስም ላስቲክ ሆነ። «ላስቲክ፣ ከኋላዬ ና!» «ኧረ ላስቲክ ቀለጠ!» እሱም አብሮ ሳቀ። እኔም ስቄያለሁ፤ ራሴን ንጹሕ ለማድረግ አይደለም የምጽፍልሽ። በወሩ ዓይኔ ደከመ አለና ጨዋታውን ተወ። ኮምፒውተሩ ምድር ቤት አንሶላ ለብሶ ተቀመጠ። ላስቲኩ ግን እስከ ዛሬ ፍሪጁ ላይ አለ፤ አባዬ ወተት ባወጣ ቁጥር ያየዋል።

አሁን ወደ እኔ ልምጣ። ከተመረቅኩ ጀምሮ የላክሁት የሥራ ማመልከቻ ብዛት ለራሴም ይገርመኛል። ባለፈው ወር ዊኒፔግ ያለ አንድ ጌም የሚሠራ ድርጅት ፈተና ሰጠኝ፤ በአስር ቀን አንድ የጨዋታ ክፍል ሠርቼ፣ እነሱ በቪዲዮ እያዩ በራሴ ኮምፒውተር ላሳያቸው ነው። ደስታዬ ልክ አልነበረውም፤ የምከራየውን ክፍል ሁሉ ማፈላለግ ጀምሬ ነበር። ግን ሥራው ከበድ ሲልበት፣ ከመሄድሽ በፊት የገጠምሽልኝ ኮምፒውተር ዘጠና ስምንት ዲግሪ እየገባ ድርግም ይላል። ማቀዝቀዣውን በትልቅ ልቀይረው ወይስ ይቅር ብዬ አስራ አንዱም ባሉበት በጨዋታው ግሩፕ ጠየቅኩሽ። መልስሽን በቃሌ ይዤዋለሁ፤ «ማቀዝቀዣው ምንም አልሆነም፤ ማራገቢያ የሚያስፈልገው ያንተ ጭንቅላት ነው። እኔ የገጠምኩትን የነካ ሁለተኛው ላስቲክ ይባላል።» ከአስራ አንዱ አንዱ ዋዴል ደግሞ ከአፍሽ ተቀብሎ «አቤት፣ የአባቱ ልጅ!» አለ። ሁሉም ሳቁብኝ። ሱቅ ድረስ ሄጄ ትልቁን ማቀዝቀዣ በእጄ ከያዝኩ በኋላ ያ ስም ትዝ አለኝና መልሼ መደርደሪያው ላይ አስቀመጥኩት።

በፈተናው ቀን ገና በሰባተኛው ደቂቃ ስክሪኑ ጨለመ። እንደገና አስነሳሁት፤ በአራተኛው ደቂቃ ደግሞ ጠፋ። ፈታኟ ድምጿን እንኳ ከፍ አላደረገችም። «ኤይናር፣ የራስህን ኮምፒውተር ማዘጋጀት ካቃተህ የእኛን እንዴት አምነን እንሰጥሃለን?» አለችኝ። በማግስቱ በሁለት መስመር አሰናበቱኝ።

በምስጋና በዓል ማግስት፣ ንዴቱ ስላልወጣልኝ፣ ማቀዝቀዣውን ልገዛ ኮቴን ስለብስ አባዬ «ቆይ እስቲ፣ መጀመሪያ ያለውን እንየው» ብሎ ካቻቢቴውን አመጣ። ካቻቢቴ ሲይዝ ካየሁት ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። አራቱን ብሎን ፈታ፣ ማቀዝቀዣውን ነቀለ፣ ገለበጠው።

ላስቲኩ እዚያው ነው፣ ቶራ። ጽሑፉ ሳይቀር ይነበባል። ዳሩ ላይ የአውራ ጣትሽ አሻራ አለ።

እኔ በሳቅ ፈረስኩ፤ ሳቄም ደስ የሚል ሳቅ አልነበረም። ለአስራ አንዱም ልልከው ስልኬን ሳወጣ አባዬ ክንዴን ያዘኝ። «አትላከው። ለዚህ ቤት አንድ ላስቲክ ይበቃል» አለ። ከዚያ ላስቲኩን ላጠ፣ ፕሮሰሰሩን በአልኮል ጠረገ፣ የአተር ፍሬ የምታህል ሙቀት አስተላላፊ ቅባት አድርጎ ያንኑ አሮጌ ማቀዝቀዣ መልሶ ገጠመው። ቀኑን ሙሉ ባሠራውም ከስልሳ ዘጠኝ ዲግሪ አላለፈም። ትልቁን መግዛት አላስፈለገኝም። ማቀዝቀዣው ምንም አልሆነም ማለትሽ እውነት ነበር።

ቃል ስላስገባኝ ፎቶ አላነሳሁም። ለዚህ ነው ላስቲኩን ራሱን የላክሁልሽ። አሁን መፍታት ትችያለሽ። የአባዬንም ከፍሪጁ ላይ ላንሳው ስል «ተወው፤ የሰቀለችው ታውርደው» አለኝ።

በእኔ አትዘኚ፤ ለኖቬምበር ሌላ ድርጅት ጠርቶኛል፣ ከአሁኑ እንቅልፍ የለኝም። እማዬ ሹራቡን ጨርሳልሻለች፣ ዳርሲንም ሳሚልኝ ብላለች። ውሻው ያንቺ ክፍል በር ላይ መተኛት አልተወም። ስለ ቃጠሎሽ የጠየቀሽ ደግሞ አባዬ ነው፤ እኔ ረስቼው ነበር። ደብዳቤ እንደምጽፍልሽ ያውቃል፤ ምን እንደጠቀለልኩ ግን አያውቅም።

የአባዬን ኮምፒውተር ከአንሶላው አውጥቼ ጠርጌለታለሁ። ቅዳሜ ከእኛ ጋር ይግባ አይግባ ገና አልቆረጠም። ለአስራ አንዱ የምትነግሪያቸውን አንቺው ታውቂያለሽ። የዚህን ደብዳቤ መልስ ግን ለእኔ አትላኪ፤ ለእሱ ጻፊለት፤ ፖስታው ላይም ስሙን ሙሉውን ጻፊው።

ወንድምሽ ኤይናር
ሳስካቱን፣ ኦክቶበር 19